8ኛ ክፍልን ትድገም ወይስ ትለፍ? ዕይታዋ ዝቅተኛ ስለሆነች ተማሪ የቀረበ ጥያቄና የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። የዓይን ሞራ ይዟት ነው የተወለደችው፤ 3 ዓመቷ ላይ ጎንደር ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ መነጽርም ታደርጋለች። ግን መጽሐፍ የምታነበው አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ነው፤ ዓይኗም ሳያርፍ ይንቀጠቀጣል። እስካሁን ያስተማሯት መምህራን ያውቋታል፤ ከፊት ያስቀምጧታል፣ ሰሌዳውንም ያነቡላታል። በሌላው ትምህርት ደህና ናት፣ ሂሳብ ላይ ግን ውጤቷ ዝቅ ያለ ነው። ስም ጠሪዋ ‹አንድ ዓመት ትድገምና ትጠንክር› ይለኛል። እኅቴ ደግሞ ‹ያለችውን ዓይን ሳትጨርሳት ብሬል ወደሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውሰጃት› ትላለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትሄድ አንቀበልም ቢሉኝስ? ከሂሳብ ነጻ ትሁን ብዬ ብጠይቅ ይሻላል? ወይስ ፒያሳ አካባቢ ያለ ትልቅ ትምህርት ቤት ላስገባት?»

ምላሽ፦

አትድገም። መድገም የሚረዳው ትምህርቱ ደርሶት ያልገባውን ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሳታይ የተቀመጠች ተማሪ ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳና በዚያው መጽሐፍ ሌላ ዓመት ብትጨምር የምታገኘው ያንኑ ውጤት ነው፤ በዚያ ላይ ጓደኞቿ ያልፋሉ፣ እርሷ 16 ዓመት ይሞላታል። የሂሳብ ውጤቷ የወረደው ስላልገባት ነው ወይስ ስላላየችው የሚለውን በአንድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ማጣራት ይቻላል። ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆነ 10 ጥያቄዎች ይምረጡ። አምስቱን ከመጽሐፉ ላይ እንዳሉ ትሥራ። አምስቱን ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው ቁጥሮች ጻፉላትና ሰዓት ሳትገድቡ ትሥራ። ሁለተኛው ላይ በግልጽ ከተሻለች ችግሩ ማየት ላይ ነው። ሁለቱም እኩል ደካማ ከሆኑ የቀረባት መሠረት አለ ማለት ነው፤ እርሱም ቢሆን በክረምት ማጠናከሪያ የሚሞላ እንጂ ዓመት የሚያስደግም አይደለም። ክልላዊ ፈተናውን ካለፈች ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ያለፈች ልጅ እንድትደግም አይጠየቅም።

ዓይን በማንበብ አያልቅም። ልጅዎ መጽሐፉን አስጠግታ የምታነበው ፊደሉ እንዲተልቅላት ነው፤ ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስታቀርበው ዓይኗ ውስጥ የሚያርፈው ምስል አራት እጥፍ ይሆናል። ራሷ ያገኘችው ማጉያ ነውና «ቀና በይ» አይበሏት። ውልደት ላይ የነበረ ሞራ ዘግይቶ ሲወጣ ዓይኑ ብርሃን ያገኛል፣ ነገር ግን አእምሮ ጥርት አድርጎ ማየትን የሚማርባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ መነጽሩ ቢቀየርም ዕይታዋ እንደ ጓደኞቿ አይሆንም፤ የዓይኗ መንቀጥቀጥም ከዚያው የመጣ ነው። ያለችው ዕይታ ግን ብትጠቀምባትም ባትጠቀምባትም ያው ናት። ዕይታዋን በእርግጥ ሊወስድባት የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ በልጅነታቸው የሞራ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች የዓይን ግፊት የመጨመር አደጋ ዕድሜ ልክ አብሯቸው ይኖራል። ግፊቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ። ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት ወይም «ከትናንቱ ደበዘዘብኝ» ካለች በዚያው ቀን ይውሰዷት።

ብሬልን በተመለከተ እኅትዎ ያሰቡት ለሌላ ልጅ የሚሆን ነው። በህትመት ማንበብ የምትችልና ዕይታዋ ያልቀነሰባት የ15 ዓመት ልጅ በጣት ንባብን ከዜሮ ብትጀምር ለረጅም ጊዜ የንባብ ፍጥነቷ ይጎተታል። በአገራችን ያሉት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው፤ የእነርሱ ተማሪዎች ራሳቸው 9ኛ ክፍልን የሚማሩት በመደበኛ ትምህርት ቤት ነው። ብሬል ጥያቄ ውስጥ የሚገባው ሐኪሙ ዕይታዋ እየቀነሰ ነው ካለ፣ ወይም በትልቅ ህትመትም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ማንበብ ካቃታት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከ8ኛ ወደ 9ኛ ሲታለፍ ልጅዎን የሚገጥማት ለውጥ ትምህርቱ መክበዱ ብቻ አይደለም። እርስዎ ራስዎ «መምህራኗ ያውቋታል» ብለዋል። ሰሌዳውን የሚያነቡላት፣ ከፊት የሚያስቀምጧት፣ ፈተና ላይ አምስት ደቂቃ የሚታገሷት ማንም ጽፎ ስላዘዛቸው ሳይሆን ስለሚያውቋት ነው። ያ ሁሉ በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነው፤ መሸኛው ላይ አይጻፍም፣ ካርዱ ላይም የለም። 9ኛ ክፍል ስትገባ ከአሥር በላይ መምህራን ይጠብቋታል፤ እያንዳንዳቸው በየሴክሽኑ እየዞሩ በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፣ ክፍሏ ውስጥ ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ቢኖርም የሚያስገርም አይሆንም። እነዚህ መምህራን ችግሯን በራሳቸው እስኪደርሱበት ጥር ይሆናል። እስከዚያ «ሰነፍ»፣ «የማትጽፍ»፣ «መምህር ሲያናግራት ፊቷን የምታዞር» የሚል ስም ይወጣላታል። የሚሠራው ሥራ ሁሉ ያንን እውቀት ከሰኔ በፊት ወረቀት ላይ አውርዶ መስከረም ሳይገባ ለአዲሶቹ መምህራን ማድረስ ነው።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሁለት ገጽ ከሆነ አይነበብም። የሚጽፈው አሁን ያለው ስም ጠሪ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ መምህራኗ ጋር ሆኖ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያደርግበታል። የሕክምና ታሪኳ ከሁለት መስመር በላይ አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም የፊዚክስ መምህሩ «ሞራ» የሚለውን አንብቦ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከ2 ሜትር ርቀት 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የሰሌዳ ጽሑፍ ታነባለች፤ ከዚያ ያነሰውን አታነብም። 20 ነጥብ (በኮምፒዩተር የፊደል መጠን) ህትመት በምቾት ታነባለች፣ 12 ነጥብ ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያደክማታል። መጽሐፍ ከጓደኛ ጋር መጋራት አትችልም። ስሟን ጠርተው ካላናገሯት በእጅ ምልክት እንደጠሯት አታውቅም። ራሷን አዘንብላ የምታየው ንቀት ሆኖ ሳይሆን ዓይኗ የሚረጋው በዚያ አቅጣጫ ስለሆነ ነው።» ቁጥሮቹን ከእኔ አይውሰዱ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ሜትርና ጠመኔ ይዞ ሩብ ሰዓት መለካት ይበቃል። መጽሐፍ አለመጋራቱን ሳይጽፉ እንዳያልፉ፦ ሁለት ልጆች አንድ መጽሐፍ መሐል ሲያደርጉ ርቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ልጅዎ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ብዙዎቹ ልጆች ይህን ለመምህር አይናገሩም።

የወረቀቱ ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ከተሰጠ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለእያንዳንዱ መምህር አንድ አንድ ያባዙና ከአዲሱ ስም ጠሪ ጋር ሆነው በእጅ ይስጡ። ከመምህራኑ መካከል አንድ ሰው «ተጠሪዋ ነኝ» ማለት አለበት። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት ወይም የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለበትም የሌለበትም አብሮ የሚማርበት) ድጋፍ ክፍልና መምህር ካለው ተጠሪው እርሱ ነው፤ ከሌለው ስም ጠሪው ይሁን። «ሁላችንም እንከታተላታለን» ከተባሉ ማንም አይከታተላትም።

አንቀበልም የማለት ነገር፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአካል ጉዳት ምክንያት ተማሪን መመለስ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች እንደ አቅሙ ድጋፍ እንዲመድብ ያዛል፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለሉና ሁለተኛ ደረጃን ከሌሎች እኩል እንዲያገኙ ይደነግጋል። ቢመልሱዎት በቃል አይከራከሩ፤ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ይጠይቁና ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይሂዱ፤ እዚያ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትን ጉዳይ የሚከታተለውን ባለሙያ ይጠይቁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በብዛት የሚያጋጥመው መመለስ አይደለም። ይቀበሏታል፣ ከዚያ ምንም አይደረግም። ሕጉ በር ያስከፍታል እንጂ ማርከር አይገዛም፤ ስለዚህ ጉልበትዎን ለወረቀቱ ያስቀምጡ።

ሐምሌ ላይ ዓይኗን ያስመርምሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፣ ዩኒቨርሲቲውም የኦፕቶሜትሪ (የዕይታ ልኬትና የመነጽር) ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ስለዚህ ሌላ ከተማ መሄድ አያስፈልግዎትም። ሲሄዱ «መነጽር ይለካላት» ብቻ አይበሉ፤ «የሎው ቪዥን (የዝቅተኛ ዕይታ) ምዘና» ይበሉ። በሞራ ቀዶ ጥገና የተፈጥሮ ሌንሱ የወጣለት ዓይን እንደ ሌላ ሰው ዓይን ራሱን ለቅርብና ለሩቅ አያስተካክልም። ለሩቅ የተሠራላት አንድ መነጽር ብቻ ከሆነ ስታነብ የምትታገለው ከደበዘዘ ፊደል ጋር ነው፤ ለቅርብ የሚሆን ሁለተኛ መነጽር ወይም ባለሁለት ክፍል ሌንስ ያስፈልጋት ይሆናል። የመነጽሩን ሌንስ መጫጫርም አይናቁት፤ ወፍራም ሌንስ በቀሚስ ጫፍ ሲጠረግ ከርሞ ጭጋግ ይሆናል። ሲወጡ ከባለሙያው የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ፦ በሁለቱም ዓይን ከነመነጽሯ ያላት ዕይታ በቁጥር፣ የሚመቻት የህትመት መጠን፣ እና «በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜና ትልቅ ህትመት ያስፈልጋታል» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ዕይታ የሚለው የተሻለው ዓይን በመነጽር ታርሞም ከ6/18 በታች፣ ግን እስከ 3/60 ሲሆን ነው፤ 6/18 ማለት ሌላው ሰው በ18 ሜትር የሚያየውን እርሷ በ6 ሜትር ታያለች ማለት ነው። ቁጥሩ ማስረጃው ላይ ካልሰፈረ ፈተና የሚያዘጋጀው አካል «የማየት ችግር አለባት» በሚል ቃል ብቻ ምንም ላያደርግ ይችላል።

ትልቅ ህትመት ሲባል ብዙ ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ማስጎላት ይመስለዋል። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲጎላ ፊደሉ የሚጨምረው 1.4 ጊዜ ብቻ ነው፤ 12 ነጥብ የነበረው 17 ገደማ ይሆናል። ወረቀቱ ግን ዴስኩን ሞልቶ ይተርፋል፣ የደበዘዘው ህትመትም ከነድብዘዛው ይጎላል። የሚሻለው ጽሑፉን ከኮምፒዩተር በ20 ነጥብ በኤ4 ላይ ማተም ነው። ፈተናና ወርክሺት ኮምፒዩተር ላይ ስለሚጻፍ ይህ ለመምህሩ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲሻው በፍላሽ ይሰጥዎትና እርስዎ ያሳትሙ፣ ፈተና ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ያትም። የፊደሉ ቅርጽም ከመጠኑ ያልተናነሰ ነገር ነው። ኒያላ የሚባለው ቅርጽ ቀጭን ስለሆነ የ«ነ» እና የ«ኘ»፣ የ«ተ» እና የ«ቸ» ልዩነት ይጠፋባታል። ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ይሻላል። ለመማሪያ መጽሐፎች የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ፒዲኤፍ አለ። በስልክ ላይ ግን መስመሩ ከስክሪኑ ስለሚያልፍ ለእያንዳንዱ መስመር ወደ ጎን መግፋት ይጠይቃል፤ አሥር ገጽ ካነበበች በኋላ ትተወዋለች። ባለ 10 ኢንች ያገለገለ ታብሌት ብታገኙላት ከማናቸውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። እንዳትታለሉ፤ በየሱቁ የሚሸጠው ክብ የእጅ ማጉያ መነጽር ለአንድ ቃል እንጂ ለአንድ ምዕራፍ አይሆንም።

ደብተሯን በተመለከተ፦ ሰማያዊ እስክሪብቶ በሰማያዊ መስመር ላይ ሲጻፍበት ነገ ራሷ የጻፈችውን አታነበውም። ጥቁር ጫፈ ወፍራም እስክሪብቶ ትጠቀም፣ በየሁለት መስመሩ ትጻፍ። ለአንድ ትምህርት አንድ ደብተር የሚለው ልማድ አይበቃትም፤ ገጹ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለት ያስፈልጋታል፣ ይህንንም ደብተር ለሚያርሙት መምህራን አስቀድሞ መንገር ነው። ጓደኛዋ በካርቦን ወረቀት ኖት እንድትጽፍላት ማድረግ የተለመደ ምክር ነው፤ ለእርሷ ግን አይሠራም፣ ከካርቦን ስር የሚወጣው ጽሑፍ ፈዛዛ ነው። የጓደኛዋን ደብተር ወይም ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንስቶ አጉልቶ ማንበብ ይሻላል። ችግሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስልክ መያዝ ባብዛኛው ክልክል መሆኑ ነው። ስልኩ ለምን እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽና ርዕሰ መምህሩ የፈረሙበት የፈቃድ ወረቀት በካርድ መጠን ላሚኔት ተደርጎ ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር። ያለበለዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ጥበቃው በር ላይ ይቀማታል። ለኮፍያም እንዲሁ ነው፦ ሌንስ የሌለው ዓይን የቀትር ፀሐይ ያንጸባርቅበታል፣ ባለጥላ ኮፍያ ያሳርፋታል፣ ትምህርት ቤቶች ግን ኮፍያ አይፈቅዱም። አንዱ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ያስፈቅዱ።

«ከፊት ትቀመጥ» የሚለው ትእዛዝ በቂ አይደለም። መጀመሪያ መብራቱ ነው፤ ፊቷ ወደ መስኮት የሚዞርበት ቦታ ላይ ከተቀመጠች ሰሌዳው ጥቁር ሆኖ ይታያታል፣ መስኮቱ ከኋላዋ ወይም ከጎኗ ይሁን። ከዚያ የራሷን አቀማመጥ ይዩ። ዓይናቸው የሚንቀጠቀጥ ልጆች ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩ መንቀጥቀጡ የሚቀንስበት አቅጣጫ ያገኛሉ። ልጅዎ ስታተኩር ፊቷን ወደ ቀኝ የምታዞር ከሆነ ሰሌዳው በግራዋ እንዲሆን ከክፍሉ ቀኝ በኩል ትቀመጥ፤ ወደ ግራ የምታዞር ከሆነ በግራ በኩል። እንዲህ ስትሆን አንገቷ ሳይጣመም ማየት ትችላለች፤ የራስ ምታትና የአንገት ሕመም የሚመጣባት ከሆነም ይቀንሳል። ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። በደረቅ ዳስተር የተጠረገ ሰሌዳ ግራጫ ይሆናል፣ ነጭ ጠመኔ በግራጫ ላይ ለእርሷ የለም። ከመምህሩ የሚፈለገው ትልቁ ነገር ግን ምንም ወጪ የለውም፤ የሚጽፈውን በአፉ ይበል። «ይህን ወደዚህ ስናሻግረው ይህ ይሆናል» ካለ ልጅዎ ምንም አልሰማችም። «ሲደመር አምስትን ወደ ቀኝ ስናሻግር ሲቀነስ አምስት ይሆናል» ካለ ግን ሰሌዳውን ባታይም ትከተለዋለች። የተቀረው ክፍልም ይጠቀማል፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ስንቱን ያያሉ?

ከሂሳብ ነጻ እንድትሆን አይጠይቁ። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሂሳብ እንዲገለሉ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ያቀለዋል፣ ልጁን ግን ይዘጋበታል። 9ኛና 10ኛ ክፍል ሂሳብ የሌላት ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ አትችልም፣ ማኅበራዊ ሳይንስም ውስጥ ሂሳብና ኢኮኖሚክስ አለ። ልጅዎ ደግሞ ቁጥር ማየት የምትችል ናት። ሂሳብ ላይ የሚበላሽባትን ነገር አንድ በአንድ ያስተካክሉ። ትልቁ ጠላቷ ከላይና ከታች የሚጻፉት ትናንሽ ቁጥሮች ናቸው፤ ጽሑፉ በ20 ነጥብ ቢታተም እንኳ የካሬው 2 ቁጥር 12 ነጥብ አካባቢ ሆኖ ይቀራል፣ ኬሚስትሪ ላይ የውሃ ፎርሙላ ውስጥ ያለው 2 ቁጥርም እንዲሁ። መምህሩ በሰሌዳም በወረቀትም እነዚህን ከዋናው ቁጥር ጋር በተቀራራቢ መጠን ይጻፍላት። ክፍልፋይ በሰያፍ መስመር ሳይሆን ላይና ታች ተደርጎ፣ መስመሩም ወፍሮ ይጻፍ። የግራፍ ወረቀት የአንድ ሚሊ ሜትር ቀጭን ካሬ ለእርሷ ባዶ ገጽ ነው፤ በማስመሪያና በጥቁር ማርከር የ1 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሠርታችሁ 50 ቅጂ ያባዙ፣ ዓመቱን ይይዛታል። ቁጥሮቹ ትልልቅ የሆኑ ካልኩሌተርም ይፈለግላት። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ወሰነ ትምህርት ካለፈ በኋላ ውጤቱ ካልተነሳ ያኔ ስለ ማጠናከሪያ እንጂ ስለ ማስቀረት አይነጋገሩ።

ክረምቱን በእንግሊዝኛ ያውሉት። 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፣ ይህ ጤናማ ዓይን ያለውንም ያንገዳግዳል። ዝቅተኛ ዕይታ ያላት ልጅ እስካሁን ያነበበችው ገጽ ከጓደኞቿ ያነሰ ስለሆነ የምታውቀው ቃል ያንሳል፤ ቃሉን ስታየው ደግሞ እየገመተች ነው የምታነበው፣ ያልሰማችውን ቃል መገመት አይቻልም። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን 9 ሳምንት አለ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 8 ቃል ከ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ፣ የፊዚክስ፣ የጂኦግራፊና የሂሳብ መጻሕፍት ማውጫና የምዕራፍ ርእሶች እየተወሰደ በትልቁ ካርድ ላይ ቢጻፍ 360 ቃል ይሆናል። ቃሉን አይታ ብቻ አትለፈው፤ ጮክ ብላ ትበለው፣ ፊደል በፊደል ትቁጠረው፣ ትርጉሙን በአማርኛ ትናገር። ሰፈር ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከአስጠኚ ያላነሰ ይረዳል።

ትምህርት ቤቱ የሚመረጠው በስሙ ትልቅነት አይደለም። ከአዘዞ ፒያሳ በየቀኑ መመላለስ የታክሲ ወረፋ፣ መንገድ ማቋረጥና የማታውቀው ቁልቁለት ማለት ነው፤ ዓይኗ ጠዋቱን ከደከመ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ይጠፋባታል። በእግር የምትደርስበትን አዘዞ ውስጥ ያለውን ይምረጡ። ትልቁን ትምህርት ቤት የምመክረው እዚያ በእርግጥ የሚሠራ የድጋፍ ክፍልና የልዩ ፍላጎት መምህር እንዳለ ሄደው በዓይንዎ ካዩ ብቻ ነው። በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አይበቃም፤ ገብተው «ባለፈው ወር እዚህ ማን ተማረ?» ብለው ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የጠዋቱን ፈረቃ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የከሰዓቱ ተማሪ ወደ ቤት የሚመለሰው ሊመሽ ሲል ነው፣ ለዝቅተኛ ዕይታ ደግሞ ማምሻው ያስቸግራል። ክፍሏ ምድር ቤት ይሁን። ጳጉሜን ውስጥ በትምህርት ሰዓት ሦስት ጊዜ መንገዱን አብረው ይሂዱ፤ ክዳን የሌለውን ቦይ፣ ባጃጅ የሚታጠፍበትን ማዕዘን፣ ዝናብ ሲሆን የሚያንሸራትተውን ኮብልስቶን ታውቅ። ግቢ ውስጥም ከክፍሏ እስከ ሽንት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና በር ትሂድ። የደረጃዎቹ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቢጫ ቀለም ቢቀባ ግማሽ ቆርቆሮ ቀለም ይበቃል፤ ይህን የወላጅ መምህር ኅብረቱን ቢጠይቁ እምብዛም አይከለክሉም።

ፈተና ላይ የሚጠየቀው ተጨማሪ ጊዜ በልመና ሳይሆን በቁጥር ይሁን። ከመጽሐፏ 200 ቃል ያለው ጽሑፍ ያስነብቧትና በሰዓት ይያዙ፤ በዚያው ክፍል ያለች ሌላ ልጅም ታንብበው። እርሷ 4 ደቂቃ፣ ጓደኛዋ 2 ደቂቃ ከፈጀባቸው ያ ማስረጃ ነው። ለንባብ ፈተና ቢያንስ ሩብ፣ ለሂሳብ ግማሽ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ ለ2 ሰዓት ፈተና 30 ደቂቃና አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። መልስ መስጫ ወረቀት ላይ ያሉትን ትናንሽ ክቦች ማጥቆር የሚያሳስታት ከሆነ መልሷን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ እንድታከብብና ሌላ ሰው እንዲያዛውርላት ይፈቀድ። ይህ ከ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ፈተና ጀምሮ በጽሑፍ ተመዝግቦ መሄድ አለበት። 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በማያውቋት ፈታኞች ነው፤ በምዝገባ ጊዜ ያልተሞላ ድጋፍ በፈተና ጠዋት አይገኝም። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሆንባት ከሆነ የዊንዶውስን ማጉያ ከአሁኑ ትልመድ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ስትጫን ይከፈታል። ስልክም ላይ በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ አለ።

ለሌሎች ወላጆች በአጭሩ፦ አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ተጠሪና ከመስከረም በፊት ርክክብ የሚለው ለማንኛውም ልጅ ይሠራል፤ ይዘቱ ግን ይለያያል። መስማት ለተሳነው ልጅ ዋናው ጥያቄ በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው መኖሩ ነውና እንዲህ ያሉ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ከሚበተኑ በአንድ ሴክሽን ቢመደቡ ይሻላል። በልዩ ክፍል የቆየ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ይልቅ የሙያ ሥልጠና ሊሆነው ይችላል፤ ይህ የሚወሰነው ግን ማንበብና ገንዘብ መቁጠር ምን ያህል እንደሚችል ተለክቶ እንጂ ዕድሜው ስለደረሰ አይደለም።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት አያታልዎት፤ ሴክሽን ይቀያየራል፣ መምህራን አልተሟሉም። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሮቿን ይክፈቱ። «ገብቶኛል» ትላለች፣ ልጆች ሁሉ ይላሉ። የፊዚክስ ደብተሯ ግማሽ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉ ሁሉ በሌላ ልጅ እጅ ከሆነ ሰሌዳው እየደረሳት አይደለም። ያኔ የወሰነ ትምህርቱን ካርድ ሳይጠብቁ ወደ ተጠሪው ይሂዱና ከወረቀቱ ላይ የትኛው መምህር የትኛውን መስመር እንዳልተገበረው በስም ለይተው ይነጋገሩ። ወረቀቱን ራሱ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያድሱት፤ ከ10ኛ ወደ 11ኛ ስታልፍ መምህራኑ እንደገና ይቀየራሉ፣ መነጽሯም ይቀየራል። ለዚህ ሳምንት የሚሆን ሥራ ግን አንድ ነው፦ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ስም ጠሪዋ ዘንድ ይሂዱ፣ መድገሙን እንደማይፈልጉ ይንገሩትና ሜትርና ጠመኔ ይዞ ልኬቱን አብሮዎት እንዲወስድ ይጠይቁት።